ድኻ ከእርዳታ መዝገብ የሚወጣበትን ጊዜ ስለ ማወቅ

በገጠር ድኻ የሚባለውን ገበሬ ቤቱ ገብቶ ላየው ሰው የድኽነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም። መሬቱ ጥቂት ነው፤ በሬ ቢኖረው አንድ ብቻ ነው፤ ዝናሙ የዘገየ እንደ ሆነ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ ዘሩንም የበላ እንደ ሆነ በሚመጣው ክረምት መሬቱን ለባለ ጥማድ በእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ይቀበላል። ግማሹም ዓመቱን ስለማያደርሰው ያለችውን ላም ይሸጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቷል፤ በሬ ግን በአዋጅ አይታደልምና ባለ ጥማድና ጥማድ የሌለው ዛሬም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ሕዝቡ ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ መላ አለው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ጠምደው ተራ በተራ ያርሳሉ። አረሙና አጨዳው በደቦና በወንፈል ይሠራል። ከብት የበዛለትም ሰው ላሚቱን ለድኻ ጎረቤቱ በርቢ ይሰጣል፤ ድኻውም እያበላና እያጠጣ ጠብቆ ከሚወለደው ጥጃ ድርሻውን ይወስዳል፤ ወተቱንም ለልጆቹ ያደርገዋል። ይህ ልማድ መልካም ስለ ሆነ ሹማምንት ሊያበረታቱት ይገባል። ዳሩ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ሊረዳ የሚችለው አንዱ ሲያጣ ሌላው ያለው እንደ ሆነ ነው። ድርቅ በመጣ ዓመት የባለ ጸጋው ላም ከድኻው ላም ጋራ ትሞታለች።

ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የሚባለው ፕሮግራም ተቋቋመ። ከዚያ በፊት እርዳታው የሚመጣው ራብ ከገባ በኋላ በየዓመቱ ተለምኖ ነበር፤ እህሉም እስኪደርስ ድረስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ይቈይ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ግን ችግሩ የታወቀ ቤተ ሰብ አስቀድሞ እንዲመዘገብ፥ መሥራት የሚችሉትም የእርሻ ሥራ ሲላላ በእርከን፥ በምንጭ ማጎልበትና በመንገድ ሥራ ውለው እህል ወይም ገንዘብ እንዲቀበሉ፥ ሽማግሌውና በሽተኛው፥ ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዪቱ ግን ያለ ሥራ እንዲቀበሉ አደረገ። በመጀመሪያ የተቈረጠው ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም የዋጋው ገንዘብ ነበር። ይህ ነፍስ ያቆያል፤ በሬ ግን አይገዛም።

ከዚህም የተነሣ የመውጫው ነገር ያስቸግራል። በደንቡ ቤተ ሰቡ ከመዝገብ የሚወጣው ያለ እርዳታ 12 ወር ራሱን መመገብ ሲችልና መጠነኛ ችግር ቢደርስበት የሚቋቋም ሲሆን ነው። ይህንም በቢሮ ቋንቋ ምረቃ ይሉታል። ምርቃት በሽማግሌ አፍ ማዕድ ከተበላ በኋላ የሚሰጥ ነገር ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራ ግን የድኻው ምረቃ ከማዕዱ ቀደመ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በመዝገብ ያሉትን ሰዎች ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አስቦ ነበር። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሕዝቡ በራሱ እጅ እንዲበላ የማይፈልግ ማን አለ? ነገር ግን ከላይ የወረደ ቍጥር ወረዳ ሲደርስ ትእዛዝ ይመስላል፤ ቀበሌ ሲደርስም የሰው ስም መሰረዝ ይሆናል። ዕቅዱ ባለቀበት በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው አራተኛው የሴፍቲ ኔት ምዕራፍ እስከ 10 ሚሊዮን ሰው እንዲይዝ ሆኖ ተዘጋጀ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በጸና ጊዜም ለ10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ እርዳታ ተጠየቀ።

ድኻን በእውነት የሚያቆመው ምን እንደ ሆነ ከሌላም አገር ተፈትኖ ታይቷል። በባንግላዴሽ ብራክ የሚባለው ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2002 ጀምሮ ለእጅግ ድኾች ሴቶች ላም ወይም ሌላ ከብት ሰጥቶ፥ ከብቱ እስኪያፈራ ድረስ የሚበሉትን ጨምሮ፥ አያያዙንም እያስተማረ እቤታቸው ድረስ ሰው ይልክ ነበር። ይኸው ሥርዓት በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ታተመ። ከስድስቱ አንዱ በትግራይ የተደረገው ነበር፤ የሚበላውን ያገኙ የነበረውም ከሴፍቲ ኔቱ ነው። እዚያ ቤተ ሰቦቹ እርዳታው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ ካልተረዱት ይልቅ ሀብትና ምግብ ነበራቸው። በሆንዱራስ ግን ለድኾቹ ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ ስላለቁ ውጤቱ አነሰ። የእርሻ ሰው ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው፤ ዶሮ ከመታደሉ በፊት ክትባት መታደል ነበረበትና።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያመጣ ነገር አይታጣም። የብድር ገንዘብ ለሁሉ በአንድ ሳምንት የታደለ እንደ ሆነ ሁሉም ወደ አንድ ገበያ ሄዶ በግ ይገዛልና የበግ ዋጋ ይወጣል። ዕዳው የሚከፈለው በጥር የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም እህሉን የሚሸጠው እህል በረከሰበት ወር ነው፤ ያንኑ እህል በሐምሌ አስወድዶ ይገዛዋል። መኖ በሌለበት ቆላ የተሰጠች የወተት ላም ሸክም ትሆናለች። ንብ ግን መሬት ለሌለው ወጣት ይስማማዋል፤ ቢሆንም በዙሪያው አበባ የሚያወጣ ቍጥቋጦ የተከለለ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በሬም ለአንድ ባለ በሬ ሲሰጥ ጥማድ ይሞላል፤ ምንም ለሌለው ሲሰጥ ግን የመቀናጆ ባልንጀራ አብሮ ሊፈለግለት ይገባል፤ ይህን ደግሞ ከቀበሌ ሽማግሌዎች የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አቅም የሌለውን ሽማግሌና ጧሪ ያጣችውን መበለት በተመለከተ የምረቃ ጥያቄ ጨርሶ መነሣት የለበትም። ስማቸው በመዝገብ መኖሩ የወረዳውን ሹም አያሳፍርም።

ስለ ቀሩት ግን የቈጠራው ወር እጅግ ሊታሰብበት ይገባል። ከመኸር በኋላ በጥር የተቈጠረ ቤት ሁሉ ጎተራው ሙሉ ነው፤ በጉም ወፍራም ነው። ያው ቤት በነሐሴ ቢታይ ምናልባት ጎተራው ተጠርጓል፤ በጉ ተሸጧል፤ በሚመጣውም ሰብል ላይ ገንዘብ ተበድሯል። ደንቡ መጠነኛ ችግርን የሚቋቋም ብሎ የጻፈው በጥር ሊመረመር አይቻልም። በበልግ በሚያበቅለው አገር ወሩ ይለያያል፤ ይህንም የየወረዳው ሹም ያውቀዋል። የነሐሴ መንገድ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቈጠራው ወደ በጋ የሚገፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የቀበሌው የእርሻ ሠራተኛ ግን ከሰፈሩ ሰዎች ጋራ ስለሚኖር ወንዝ መሻገር አያስፈልገውም። ሊመረቅ ስለ ታሰበ ስለ እያንዳንዱ ቤት በነሐሴ ሦስት ነገር፥ ይኸውም በጎተራው ያለውን፥ በበረቱ ያለውንና ያለበትን ዕዳ ጽፎ ቢያኖር፥ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከጥሩ ቍጥር ጋራ የሚያስተያየው ሁለተኛ ቍጥር ያገኛል።