አድራሻውን የሳተ ምክር

«በኃላፊነት ይጠጡ» የምትለውን ቃል አልወዳትም። ለመሆኑ ምክሯ የማን ናት? የሐኪም አይደለችም፤ መጠጡን የሚሸጥልን ነጋዴ ናት። «ይጠጡ» የሚለው ግብዣ የእርሱ፣ ኃላፊነቱ ግን የጠጪው!

ሐኪሞቹ የሚሉት ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የአልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ድርጅቱም በ2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ሲል አስታወቀ። የሰው አእምሮ ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እድገቱን አይጨርስም፤ ዘግይቶ የሚበስለውም ማመዛዘኛው ክፍል ነው። እንግዲህ ማመዛዘኛው ገና ያልበሰለለትን የ17 ዓመት ልጅ «አመዛዝነህ ጠጣ» ማለት ምክር ነው ወይስ ቀልድ?

«ቢራ እኮ ነው፤ አረቄ አይደለም» የሚሉም አሉ። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ድራፍት 20 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል። ጉበት እንደሆነ ከብርጭቆ መጣ ከመለኪያ ብሎ አይለይም።

ሕግ አላጣንም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ማስታወቂያውንም ገድቧል። ግሩም ነው! ነገር ግን እኔ በማውቃቸው መጠጥ ቤቶች አስተናጋጅ የልጅ መታወቂያ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ምን ልታዘዝ?»

ወላጆችስ ብንሆን? በዓል በመጣ ቁጥር «ቅመስ፣ ምንም አትሆንም» እያልን ለሕፃን ጠላ የምናስጎነጭ እኛው አይደለንምን? ልጁ አድጎ መንገድ ላይ ሲወድቅ ግን መካሪው ይበዛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ የጤና ምክር የምትሰጡ ሁሉ፣ ጣታችሁን ከልጁ ላይ አንሡና ወደ ሻጩ አዙሩት። መታወቂያ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀ ይቀጣ። ወላጁንም «ጠላውን ከሕፃኑ አፍ አርቅ» በሉት። ለልጁ ደግሞ የነጋዴውን ቃል ሳይሆን የሐኪሙን እውነት ንገሩት።

21 የሚለው ቁጥር ከአዋጁ ወረቀት ወርዶ በመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ እስኪቆም ድረስ፣ «ወጣቱ ጠፋ» እያለ የሚያለቅሰው ሰው እንባ ለእኔ የአዞ እንባ ነው።