ድርሰት የእንግሊዝኛ መምህር ዕዳ ብቻ ነውን?

የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ፥ ጽሕፈት የማስተማሩ ሸክም በእንግሊዝኛ ኮርሶች ላይ ወደቀ። የታሪኩም የባዮሎጂውም መምህር ጽሑፍ ያዝዛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመለስልን ማርኩ ብቻ ነው።

የቅኔ ቤት ልማድ ከዚህ ይሻላል። ተማሪው ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ታርሞለት ደግሞ ሌላ ይቆጥራል።

የላቦራቶሪ ዘገባ አጻጻፍን ከባዮሎጂው መምህር በቀር ማን ያስተምረናል? «ተማሪው ብዙ፥ ጊዜው ጥቂት ነው» ለሚሉን መምህራን መልሳችን ይህ ነው፦ በሴሚስተሩ መጨረሻ 20 ገጽ ከመሰብሰብ፥ በየጊዜው 1 ገጽ አርሞ መመለስ ይበልጣል። አጥርተን ልንጽፈው ያልቻልነውን ነገር፥ ተምረነዋል ልንል አይገባንም።