ምርቃቱ ከአሜኑ በኋላ

ባለፈው እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የእናቴን ቪዲዮ ከፈትን። በ1989 ዓ.ም. በታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሙሽሮቹን ስትመርቅ የተቀረጸ ነው። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ድምፅዋ የቀረን እዚያ ብቻ ነው። ታዲያ ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁ ወደ ኋላ ቀርቷል። አፋችን «አሜን» ሲል ይታያል፤ ምርቃቷ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው!

ቀደም ሲል አንድ ባለሙያ ቪዲዮውን እንደ አዲስ ቀይሮ ሰጥቶን ነበር። ድምፁ ተስተካከለ፤ የእናቴ ፊት ግን ደበዘዘ። ደግነቱ ዋናውን ፋይል አልጣልነውም።

የልጅ ልጄ ናት ነገሩን የፈታችው። «እማማ፣ ቪዲዮ እንደ ድርብርብ ምሳ ዕቃ ነው» አለችኝ። ምስሉ፣ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉ በአንድ ፋይል ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠዋል። አንዱን ለማስተካከል ወጡን እንደገና መሥራት አያስፈልግም፤ ዕቃውን ከፍቶ መደርደር ይበቃል። ይህን የሚሠራው ኤምኬቪቱልኒክስ የተባለ፣ ሞሪትዝ ቡንኩስ የሚባል ጀርመናዊ የሚያዘጋጀው ነፃ ፕሮግራም ነው። ድምፁ አንድ ሰከንድ ተኩል ስለዘገየ፣ በማዘግያው ቦታ ላይ ከ1500 በፊት የመቀነስ ምልክት አድርጋ ጻፈች፤ ቁጥሩ የሚሊ ሰከንድ ነው። ሥራው ወዲያው አለቀ፤ ምስሉም እንደነበረ ቀረ።

ፕሮግራሙ በየጊዜው ይታደሳል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተጨመሩት ነገሮች እኔን ያስደሰተኝ፣ አንድ የግርጌ ጽሑፍ ለመስማት ለሚቸገሩ የተዘጋጀ መሆኑን የሚያመለክተው ምልክት ነው። ባለቤቴ ጆሮው ከበድ ብሏል። በሥራ ዘመኔ ብዙ እንዳየሁት፣ በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። ሰውየው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉን ግን አይለይም። ቴሌቪዥኑን ማስጮኽ ብቻውን አይረዳውም፤ ጽሑፍ ግን ይረዳዋል። ስለዚህ ምርቃቱን በአማርኛ ጻፍንለት፤ ውጭ አገር ላደጉት የወንድሜ ልጆች ደግሞ በእንግሊዝኛ። ሁለቱም በአንዱ ፋይል ውስጥ ገብተዋል፤ ተመልካቹ የሚፈልገውን ይመርጣል።

ለምትሞክሩት ሦስት ምክር አለኝ። አንደኛ፣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ በግልባጩ ላይ ሥሩ፤ ፕሮግራሙ ሲታደስም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛ፣ የሚወጣውን ፋይል አንዳንድ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም፤ በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ቪኤልሲ ይከፍተዋል።

ማታ ላይ እንደገና ከፈትነው። እናቴ መረቀች፣ ባለቤቴ ጽሑፉን እያነበበ ተከተላት፣ እኛም በሰዓቱ «አሜን» አልን።

ለሳምንት ሰው ይበለን።