ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች፣ ዝቅ ሲል ግን…

ቁሐር ሚካኤል ውስጥ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር የወጣበት ሰው አይደበቅም። «ምች መታኝ» ይላል፤ ጎረቤት ዳማከሴ ቀጥፋ ታመጣለታለች፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ማንም «ከማን አመጣኸው?» ብሎ አይጠይቀውም።

እኛ ዛሬ ማውራት የፈለግነው ዝቅ ብሎ ስለሚወጣው ነው። አዎ፣ ስለ አባላዘር ሄርፒስ! (ፊታችሁን አታዙሩብን እንጂ።) ምች የምንለው የከንፈር ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ዓይነት አንድ ነው። የታችኛው ደግሞ ወይ ወንድሙ ዓይነት ሁለት፣ ወይ ራሱ ዓይነት አንድ ነው። ቤተሰቡ አንድ፣ ስሙ ግን ሁለት፦ አንዱ ምች፣ አንዱ ነውር።

ጓደኛችን (ስሟ ይቆየን) ሁለት ዓመት ተሰቃየች። መጀመሪያ ይለበልባታል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ይቆስላል፣ ይድናል። ወር ሳይሞላ ደግሞ ይመለሳል። በክረምት፣ የሩዝ አረም ሲደርስ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ ትውላለች፤ ሽንቷ ስለሚያቃጥላት ግን ውሃ መጠጣት ትፈራለች። እናቷ ስትጠይቃት «ወገቤን ነው» ትላለች።

ወረታ አንዱ ጋ «ቂጥኝ ሊሆን ይችላል» ተብላ መርፌ ተወጋች። ባሕር ዳር ሌላው «ፈንገስ ነው» ብሎ ቅባት ሰጣት። ሦስተኛው ደሟን መርምሮ «ሄርፒስ አለብሽ» አላት፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ግን አልነገራትም። እሷም ብትሆን የምትሄደው ሁሌም ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነበር። ቁስል እያለባትማ ታክሲ ላይ እንዴት ትቀመጥ!

ሐኪሞቹን ብቻ አንወቅስም። በአገራችን የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክቱ ነው። ቁስል ለታየበት ሰው ቁስል ለሚያመጡት ለቂጥኝ፣ ለከርክርና ለሄርፒስ መድኃኒት አንድ ላይ ሊሰጠው ይችላል። ላቦራቶሪ በሌለበት ይህ ብልህ መላ ነው። እየተመላለሰ ለሚያሰቃይ ቁስል ግን ስም ያስፈልጋል።

ስሙ እንዲታወቅ ቁስሉ ትኩስ እያለ፣ ሳይደርቅ መታየት አለበት። በተገኘበት ቦታ ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ በፒሲአር ቢመረመር ይመረጣል። የደም ምርመራ ቫይረሱ መቼም ይሁን መቼ ሰውነት ውስጥ መግባቱን ይናገራል እንጂ የዛሬው ቁስል የእሱ መሆኑን አያረጋግጥም። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም አይቅር፤ ሄርፒስ ዓይነት ሁለት ያለበት ሰው በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ በሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

ጓደኛችን አራተኛው ቦታ የሰማችው ይህን ነው፦ አሲክሎቪር ቫይረሱን ከተደበቀበት ነርቭ ባይነቅልም ሕመሙን ያሳጥራል። በዓመት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚመላለስበት ደግሞ ሐኪም በየቀኑ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ጋብ ይላል። ኮንዶም ጨርሶ ባይከላከልም የመተላለፍ ዕድሉን ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር የሆነች ለሐኪሟ ትንገር።

ከቁስሉ የከፋው ግን የእጮኛዋ ጥያቄ ነበር፦ «ከማን አመጣሽው?» ይኸው! ለምች የማይጠየቀው ጥያቄ። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊደበቅ ይችላል፤ ዛሬ የወጣ ቁስል የትናንት ክህደት ማስረጃ አይደለም። ምናልባትም ያመጣው ራሱ ጠያቂው ይሆናል፤ ሳያውቀው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የዓለም ሰዎች 846 ሚሊዮኑ የአባላዘር ሄርፒስ አለባቸው። ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው! ያ ሁሉ ሰው ባለጌ ነው እንዴ?

እኛ የምንለው አጭር ነው። ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ። ቁስሉ ሳይደርቅ ሂዱ። «ዓይነቱ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ስትነግራችሁ ደግሞ ዳማከሴ እንዳመጣችው ጎረቤት ሁኑላት። (ዳማከሴውን ግን እዚያ አትቀቡት!)

ቸር እንሰንብት።