ግድቡ የግል፣ ጎርፉ የጋራ



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ ቀርቷል። ይኸውም «አንድ ሰው በራሱ ይዞታ፣ በራሱ ገንዘብ ወንዝ ገድቦ ዓሣ ቢያረባበት፣ ጀልባ ቢያንሳፍፍበት፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። ጠያቂው ክፉ አላሰቡም፤ ሰፈራችን መዝናኛ ቢያገኝ የሚጠላ የለም። ግን ያገባናል።

መዝናኛ ውሃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ዘንገና ነው። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ የተፈጥሮ ሐይቅ እንጂ ሰው የደለደለው አፈር የያዘው አይደለም። የአፈር ግድብ ሌላ ነው። ውሃ ባናቱ ከፈሰሰበት ትንሽ በትንሽ ይሸረሸርና በድንገት ይናዳል።

በአሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ሳውዝ ፎርክ የተባለውን አሮጌ ግድብ መዝናኛ አድርጎት ነበር። ሠረገላ እንዲያልፍበት ብለው አናቱን ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ ብለው ትርፍ ውሃ በሚወጣበት በኩል የብረት ወንፊት አቆሙ። በ1881 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በግንድና በጥራጊ ተደፈነ፤ ውሃው ባናቱ ፈሰሰ፤ ግድቡ ተናደ። ከታች በጆንስታውን ከተማና ባካባቢዋ 2,209 ሰዎች አለቁ። ሩቅ ነው፣ ድሮ ነው እንዳትሉ፤ በጎረቤታችን በኬንያ፣ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. አንድ የግል እርሻ ግድብ ተንዶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

አሜሪካኖች ዛሬ ግድብን በሦስት የአደጋ ደረጃ ይመድባሉ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። ልብ በሉ! ደረጃው ግድቡ ጠንካራ ነው ወይም ደካማ ነው አይልም። የሚጠይቀው «ቢናድ ከታች ምን ይጠፋል?» ብሎ ነው። የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ከሆነ፣ ትናንት የተሠራና እንከን የሌለው ቢሆንም ከፍተኛ ይባላል። ከሥሩ ግጦሽ ብቻ ያለው ዝቅተኛ ነው። ግጦሹ ላይ ቤት የተሠራ ለት ግን ያው ግድብ ማንም ሳይነካው ደረጃው ይወጣል። ታዲያ ደረጃውን ከፍ የምናደርገው እኛም ነን ማለት አይደል?

በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ የውሃ ግንባታም ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ ወንዝ ለመገደብ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ያውጣ፣ መሐንዲስ ያማክር። ከታች ያሉትን ቤቶች ቆጥሮ ለጎረቤቶቹ ይንገር።

2ኛ/ የትርፍ ውሃ መውጫው ክረምት ሳይገባ ይጠረግ፤ ለዓሣ ተብሎ አይዘጋ። ግድቡ ላይ ዛፍ አይብቀል። ከግድቡ ግርጌ የሚመነጭ ውሃ ከደፈረሰ ከውስጥ አፈር እየሸሸ ነውና ባስቸኳይ ይነገር።

3ኛ/ ቦታው ርካሽ ነው ብለን ከግድብ ሥር ቤት አንሥራ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ባለ ግድቡ ቢከስር ገንዘቡን ነው፤ ከሥር ያለው ግን ልጆቹን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም ተገኝተን ጉዳዩን እንቋጨው።

የማኅበሩ ጸሐፊ