እህላችን በሰው ጎተራ

የመጽሔት አዘጋጆቻችን ነገር ይገርማል። በአንዲት የፊደል ግድፈት ሲጨቃጨቁ የሚያመሹ ሰዎች፣ ጽሑፋቸውን ኢንተርኔት ላይ ለማኖር ሲነሡ ግን «ባለሙያው እንዳለ ይሁን» ብለው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ባለሙያ ተብዬውም የለመደውን ዎርድፕሬስ ይተክልላቸዋል። ዎርድፕሬስ መጥፎ ነው አላልኩም፤ እሱም ቢሆን ምንጩ ክፍት ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ሕዝብ አገልግሏል። ግን ግጥምና ሂስ በወር አንዴ ለሚያወጣ ገጽ ዳታቤዝ ምን ይሠራለታል?

በማተሚያ ቤት ቋንቋ እንነጋገር። ዎርድፕሬስ በመሠረቱ አንባቢ በመጣ ቁጥር ጽሑፉን ከዳታቤዝ እያወጣ ገጹን እንደ አዲስ የሚለቅም ነው። ጄኪልና ሁጎ የተባሉት ነጻ ሶፍትዌሮች ደግሞ ገጹን ሁሉ አስቀድመው አንድ ጊዜ ያትማሉ፤ አንባቢ ሲመጣ የታተመው ይሰጠዋል፤ አለቀ። ጸሐፊው ተራ የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጃል፤ የገጹ ቅርጽ ለብቻው ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱን አጋብቶ ኤችቲኤምኤል ያወጣል። ጄኪል ከ2008፣ ሁጎ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ናቸው።

«ጭቅጭቁ የገንዘብ ነው እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። የባለቤትነት ነው እንጂ! የሰርቨሩ ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር፣ ወይም ባለሙያው የይለፍ ቃሉን እንደያዘ ውጭ አገር ሲቀር፣ የዓመታት እትም አብሮ ይቀራል። ተራው ፋይል ግን በአዘጋጁ ኮምፒውተርም፣ በኪሱ ፍላሽም፣ በወዳጁ ቤትም ይኖራል፤ አንዱ ቤት ሲዘጋ ወደ ሌላው ገልብጦ መሄድ ነው።

ጽሑፍን ከአንድ ሰው መሣሪያ ጋር ማሰር ምን እንደሚያስከትል እኮ አይተነዋል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን እስኪያስገባ ድረስ ፎንት ሠሪው ሁሉ «ሀ»ንና «ለ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እንዳሻው ይደለድል ነበር። ፎንቱ የጠፋበት የዚያ ዘመን ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። ስንት ልብ ወለድ፣ ስንት ሙግት እንዲያ ሆኖ ተቀምጧል! እና አሁን ደግሞ በዩኒኮድ የጻፍነውን ወስደን ቁልፉ እኛ ዘንድ የሌለ ሣጥን ውስጥ እንክተት?

ሁጎም ሆነ ጄኪል ለጀማሪ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ያስፈራል፤ የአንባቢ አስተያየት መቀበያም አብሮት አይመጣም። ቀን ሲሞላለት የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ መስከረምን በእጅ መጻፍ ግድ ይላል። ሶፍትዌሩ ሲታደስ የገጹ ቅርጽ የሚፋለስበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ ነገ ቢተው እንኳ የታተመው ገጽ እንደታተመ ነው፤ ረቂቁም በማንኛውም ኮምፒውተር ይነበባል።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ ድረ ገጽ ለማሠራት ውል ስትፈርሙ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ጽሑፉ ሁሉ በዩኒኮድ ተራ ፋይል ሆኖ፣ የገጹ ቅርጽና የአድራሻው ስም ምዝገባ ጭምር በእጃችሁ ይግባ። ሠሪው እምቢ ካለ ሌላ ሠሪ ፈልጉ።