መጽሐፍን ስለ መጠበቅና ስለ መስጠት

ከሕዝብ አገልግሎት ሥራዎች መካከል የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሥራ እጅግ ጸጥ ያለና የደረቀ መስሎ ለብዙ ሰው ይታያል። መደርደሪያና አቧራ፥ መዝገብና ማኅተም፥ በግድግዳውም ላይ «ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት ቤት ነው ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ሰውን ከነሙሉ ጠባዩ የሚያሳይና ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ዕለት ዕለት የማይታጣበት ሥራ ቢኖር ይኸው ነው። ይህም ፈገግታ ከንቱ አይደለም። አንባቢውና ቤቱ ገና ያልተዋወቁበትን ስፍራ የሚያመለክት ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ሹም ከዚህ ብዙ ሊማርበት ይችላል።

ነገሩ በተለይ የሚመለከታቸው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ሆነው፥ ቀድሞ ትንንሽ የመንገድ ከተሞች የነበሩት ዛሬ ፋብሪካና ትምህርት ቤት የበዛባቸው ሆነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር አላት፤ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆትም ተጨምሮላታል። ንባብ ግን እንደ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ሄደውበት የሚመለሱበት ነገር አይደለም፤ እንደ ምንጭ ውሃ ከቤት አጠገብ ሊገኝ ይገባዋል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚመክሩ ሹማምንት ከሕንፃው አስቀድመው ሊያስቡለት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በደጁ የሚቀመጠው ሰው ነው።

አንባቢ የመጽሐፉን ስም ረስቶ መልኩን ብቻ የሚያስታውስበት ጊዜ ብዙ ነው። «ባለፈው ወር በመስኮቱ አጠገብ የነበረውን ቀዩን መጽሐፍ» ብሎ የሚጠይቅ አለ። የደራሲውን ስም ትቶ የደራሲውን አገር ብቻ ይዞ የሚመጣ አለ። ወፍራሙን መጽሐፍ ትራስ አድርጎ የሚተኛም አይጠፋም፤ የቀሰቀሱት እንደ ሆነ «እያሰብሁ ነበር» ብሎ ይመልሳል። ሰነፍ ጠባቂ በዚህ ሁሉ ይቈጣል፥ ወይም ይሳለቃል። ብልኅ ጠባቂ ግን «ቀዩ መጽሐፍ ስለ ምን ይናገር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠያየቁም በኋላ አንባቢው በትክክል ሊናገረው ያልቻለውን ፍላጎቱን ያገኝለታል። ይህ ጥበብ በትዕግሥትና በደግ ፊት የሚሠራ እንጂ በቍጣ የሚሠራ አይደለም።

ስሕተት ደግሞ ከአንባቢ ብቻ አይመጣም። አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ዕውቀትን ሁሉ በ10 ክፍል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቍጥር የሰጠበት ሥርዓት በዓለም ተሰራጭቷል። ነገር ግን ቍጥሩን የሚሰጠው ሰው መጽሐፉን ሳይገልጥ በርእሱ ብቻ የፈረደ እንደ ሆነ ፍርዱ የሚያስቅ ይሆናል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ከልብ ሕመም መጻሕፍት ጋር በሕክምና መደርደሪያ ሊቀመጥ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ቀብር ሥርዓት ከሚናገሩት ጋር ሊውል ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነውና፥ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል መካከል ገብቶ ሊከበር ነው። ሰሚው ይሥቃል፤ ነገር ግን ያለ ስፍራው የተቀመጠ መጽሐፍ ለፈላጊው እንደ ተቃጠለ የሚቈጠር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው። ኢትዮጵያዊ በገዛ ስሙ ይጠራል፥ የአባቱ ስም ይከተለዋል። የመጨረሻውን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ መመዝገብ የለመደ የውጭ አገር መዝጋቢ ግን ኅሩይ ወልደ ሥላሴን በ«ሥላሴ» ስም ያገባቸዋል፤ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉትን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴንም እዚያው ያክልባቸዋል። በዚህ ዓይነት ዝምድና የሌላቸው ሊቃውንት ሁሉ ያንድ ቤት ልጆች ሆነው ይገኛሉ፤ የቤቱም አባት ማን እንደ ሆነ ካህን ሁሉ ያውቃል። የሚያስገርመው ደግሞ ኅሩይ ራሳቸው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ ያሳተሙ ሰው መሆናቸው ነው። የሌላውን መጽሐፍ ሁሉ በየስሙ ያስገኙት ሊቅ በገዛ ስማቸው ሲፈለጉ ይታጣሉ።

ከዚህም በቀር ፊደሉ ራሱ አንባቢን ያጠፋዋል። ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆነ ሦስት «ሀ»፥ ሁለት «ሰ»፥ ሁለት «አ»፥ ሁለት «ጸ» አሉ። በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌባ ወሰደ ማለት ነው። ይህን የቅኔ ተማሪ ገና በልጅነቱ ይለየዋል። ይህን ያልተማረ አንባቢ ግን «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» ሲፈልግ ውሎ «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉ ግን በንጉሡ «ሠ» ተመዝግቦ ከፊቱ ተቀምጦአል። ኮምፒዩተርም ሁለቱ አንድ እንደሆኑ ካልተነገረው በቀር ከዚህ ደንቈሮነት አይድንም። እንግዲህ የፊደል ጠብ የሊቃውንት ቅንጦት ብቻ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባውም፤ አንድ ተማሪ መጽሐፉን አግኝቶ ወይም አጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነገር ነው። በመዝገቡ አሠራር የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ምክር እጅግ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ጠባቂውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው፥ ተመልካቹንም ፈገግ የሚያሰኘው፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሰው ንባብን የተማረው በዜማ፥ በአፍ፥ በጆሮ ነው፤ ዐይኑ ብቻ ሲሄድ አፉ ዝም ቢል ያነበበ አይመስለውም። እንዲህ ያለው ሽማግሌ በጸጥታው አዳራሽ ገብቶ መነጽሩን አስተካክሎ ከጀመረ በኋላ፥ ሦስት ጠረጴዛ የሞሉ ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ ያንኑ ምዕራፍ ይማራሉ። ነገር ግን ሽማግሌው እንግዳ ሥራ አላመጣም፤ የቀደመው ልማድ የእርሱ ነው። አውግስጢኖስ በ4ኛው መቶ ዓመት በሚላኖ የነበረው ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያሰማ በዐይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ፥ ይህን ለመታሰቢያ የሚገባ ነገር አድርጎ ጽፎታል። በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተነገረው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባም፥ የግምጃ ቤቷ ሹም ሆኖ ሳለ፥ በሠረገላው ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ሰማው ይላል እንጂ አየው ብቻ አይልም። ሹሙ በዝምታ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ ምን ሊሰማ ይችል ነበር?

በዚህ ታሪክ ለቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሙሉ ትምህርት አለ። ፊልጶስ ባለ ሠረገላውን ዝም አላሰኘውም፥ ስለ አለማወቁም አልተሳለቀበትም። ያነበበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ሲጋበዝም ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። የቤተ መጻሕፍት ሥራ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። ጸጥታ ለሌላው አንባቢ የሚጠበቅ መብት ስለ ሆነ ሊፈርስ አይገባውም፤ ነገር ግን ድምፅ አውጥተው ለሚያነቡ አንዲት ትንሽ ክፍል ብትለይላቸው፥ ሽማግሌው ሳይፈር፥ ተማሪውም ሳይታወክ ሁለቱም በሰላም ይውላሉ።

ሰበታ ደግሞ ስለ ንባብ ለሌሎች ከተሞች የምታስተምረው ነገር አላት። በዚያ ያለው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ዐይነ ስውራንን ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ንባባቸውም በጣት ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1824 እ.ኤ.አ. ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ያዘጋጀው ጽሕፈት ከ6 ነጥብ 63 ምልክት ያወጣል። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7ቱ ሲባዙ 231 ስለሚሆን፥ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻ አናባቢውም ለብቻ ተለይተው ይጻፋሉ፤ ስለዚህም መጽሐፉ ይገዝፋል። ጤነኛ ዐይን ያለው ሰው በኪሱ ይዞት የሚዞረው ዳዊት በብሬል ሲሆን በሁለት እጅ የሚታቀፍ ይሆናል። ይህ ግን የሚካስበት ሰዓት አለ። ማታ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ባለ ዐይኑ አንባቢ መጽሐፉን አጥፎ ሻማ ፍለጋ ይነሣል፥ በወንበርም ይደናቀፋል፤ ዐይነ ስውሩ ግን መብራት መጥፋቱን የሚያውቀው ከጎረቤቱ ጩኸት ብቻ ነው፥ ገጹንም ሳያቋርጥ ይቀጥላል። እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት የብሬል መደርደሪያ የሌለው ቢሆን፥ መምህራኑ ደጃፉ ላይ ሳሉ ትምህርቱን ያልተቀበለ ይሆናል።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በደግ ፊት የሚቃና ነው። በደግ ፊት ብቻ የማይቃናው ግን ቍልፉ ነው። በኢትዮጵያ መጽሐፍን መጠበቅ ጥንታዊ ክብር ያለው ሥራ ነው። ብራናው በማኅደር ይገባል፥ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆንም በመጨረሻው ገጽ ይጻፍበታል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለምነው በ1872 እ.ኤ.አ. የተመለሰላቸው አንድ ክብረ ነገሥት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ መጽሐፉን ቢቈልፍ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ውግዘቱ የተጻፈው በሚሰርቅና በሚፍቅ ላይ እንጂ በሚያነብ ላይ አይደለም። መጻሕፍቱን እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ቈጥሮ በስሙ ፈርሞ የተረከበ፥ አንድ ቢጠፋም ከደመወዙ እንዲከፍል የሚገደድ ጠባቂ ምን ያደርጋል? አንባቢ ሲገባ እንደ ሌባ ያየዋል። አዲሱን መጽሐፍ በቍልፍ ይይዛል፥ ያረጀውን ብቻ ያወጣል። ዓመቱ ሲፈጸምም መርማሪ መጥቶ ቢቈጥር አንድም አልጐደለም፥ ጠባቂውም ይመሰገናል፤ ያልጐደለው ግን አንድም ስላልተነበበ ነው። ይህ ከተነገሩት ቀልዶች ሁሉ የሚበልጥ ቀልድ ነው፤ የሚሥቅበት ሰው ግን የለም። ጥፋቱም የጠባቂው አይደለም። ዳቦውን ከመጽሐፉ ጋር ባንድ ሰንሰለት ያሰረበት ደንብ ነው።

ስለዚህ በሰበታም፥ በቡራዩም፥ በሱሉልታም የንባብ ቤት የሚያቋቁሙ ሹማምንት ሦስት ነገር ሊያደርጉ የተገባ ነው። አንደኛ፥ ለጠባቂነት የሚመርጡት ሰው ከሌላ ክፍል የተገፋና ማረፊያ የታጣለት ሳይሆን፥ መጽሐፍ የሚወድና ሰውን የሚታገሥ ይሁን። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውምና፥ ሹሙ የናቀውን ቤት ሕዝብ አያከብረውም። ሁለተኛ፥ በንባብ ብዛት ያረጀና በቅን አገልግሎት የጠፋ መጽሐፍ እንደ ተበላ እህል እንጂ እንደ ተሰረቀ ገንዘብ እንዳይቈጠር፥ በየዓመቱ የሚሰረዝለት ልክ በደንብ ይወሰን። ሆነ ብሎ ያጠፋ ግን በሕግ ይጠየቅ። ሦስተኛ፥ የዓመቱ መግለጫ ስንት መጽሐፍ በመደርደሪያው እንዳለ ብቻ ሳይሆን፥ ስንት መጽሐፍ ከመደርደሪያው እንደ ወጣና እንደ ተመለሰ ይናገር።

ይህ የተደረገ እንደ ሆነ ጠባቂው ሳይፈራ ቍልፉን ይከፍታል። ቀዩን መጽሐፍ የሚፈልገው ይመጣል፥ በንጉሡና በእሳቱ የተሳሳተው ይመጣል፥ ድምፁን የማይቈጣጠረው ሽማግሌና በጣቱ የሚያነበው ልጅም ይመጣሉ። ቤቱ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አይታጣበትም። ፈጽሞ የማይሣቅበት ቤተ መጻሕፍት ቢኖር ግን፥ ሹሙ ሥርዓቱን ከማመስገኑ በፊት ሰው ይገባበት እንደ ሆነ ቢመረምር ይሻለዋል።